የኋላው ግራ ቸርኬ

ፌብሩዋሪ 8፣ ቅዳሜ

ይህን ደብተር የገዛሁት የመኪናዋን ሥራ ልጽፍበት ነው፤ ሌላ ነገር አልጽፍበትም። ባለቤቴ ኢርማ «አንተ? ስለ መኪና ብቻ? እናያለን» ብላ ስቃብኝ ገባች።

ዛሬ ሁለቱን ቸርኬዎች ከቹይ ጋራዥ አመጣሁ። ወይ ማማር! ቹይ ደቃቅ የብርጭቆ አሸዋ በአየር ግፊት ሲነፋባቸው አረፈደና ያ የአርባ ዓመት ቆሻሻ፣ ያ ቡናማ ቅርፊት ድራሹ ጠፋ። ግራጫና ለስላሳ ሆነው ዛሬ ከፋብሪካ የወጡ ነው የሚመስሉት። አንዱን በአንድ እጄ ብድግ አድርጌ ለቹይ አሳየሁት። ማግኒዚየም ነዋ! የብረቱን ባነሳ ወገቤ ለሳምንት አያናግረኝም ነበር።

አባዬ በሃምሳዎቹ ዓመታት በአፈር ሜዳ ላይ የተወዳደረው በእነዚህ ቸርኬዎች ነው። ውድድሩን ሲተው ከውድድር መኪናው ፈትቶ ጋራዡ ጣሪያ ሥር ሰቀላቸው። በገዛ እጁ ቆርጦ፣ ዝቅ አድርጎ፣ ትልቅ ሞተር ጭኖ የሠራት የሠላሳ ሁለት ሞዴል ክፍት ፎርድ ግን ዕድሜዋን በሙሉ በተራ የብረት ቸርኬ ተነዳች። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ነበር ምኞቴ።

ባለፈው ኦክቶበር ሲሞት መኪናዋን ለእኔ ሰጠ። ቸርኬዎቹን ግን ከፈላቸው። ትልልቆቹ የኋላ ሁለት ለእኔ፣ ትንንሾቹ የፊት ሁለት ለታላቅ ወንድሜ ለሃርላን። መኪናዋ የሌለችው ሰው በሁለት ቸርኬ ምን ያደርጋል? ለእማዬ «ሽማግሌው መጨረሻ ላይ ቆጠራ ጠፍቶበት ነው» ብላት «አባትህ እስከ አራት መቁጠር አያቅተውም ነበር» አለችኝ። ምን ለማለት እንደሆነ እንጃ።

ፌብሩዋሪ 10፣ ሰኞ

ቀኑን ሙሉ ፍሪጅ ጥገና። አንድ የሬስቶራንት በረዶ ማሽን፣ ሁለት የሱቅ ማቀዝቀዣ። ጭጋጉ ከባድ ነው፤ የራሴን መኪና አፍንጫ እንኳ ማየት አቃተኝ።

ስለ ሃርላን አልጽፍም ብዬ ነበር። ግን አንድ ጊዜ ልጻፈውና ይውጣልኝ። በቀብሩ ማግስት እማዬ ወጥ ቤት ተቀምጠን «ቸርኬዎቹን ገጥሜ በአሮጌ መኪና ማኅበራችን የሜይ ጉዞ ላይ እነዳታለሁ» አልኩ። ሃርላን አውሮፕላን ማረፊያው ጋ የእርሻ መድኃኒት የሚረጩ አውሮፕላኖችን ዕቃ ነው የሚመረምረው፤ ሥራው ስንጥቅ መፈለግ ነው። ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት «እነሱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ናቸው» አለኝ። «ለአንድ ሁለት ዓመት ውድድር የተሠራ ነገር ነው። ማግኒዚየም ሲያረጅ ይሰነጠቃል። መንገድ ላይ ይበተንብሃል።» እኔም «አንተ ሰው ደስ ሲለው ካየህ ያምሃል» አልኩት። ሳህኑን እዚያው ትቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገርንም፤ ደግሞም አልደውልለትም።

ፌብሩዋሪ 15፣ ቅዳሜ

የመመርመሪያውን ቀለም ገዝቼ ራሴው ሠራሁት! ቀዩን ቀለም ትቀባለህ፤ ትጠብቃለህ፤ ትጠርጋለህ፤ ከዚያ ነጩን ዱቄት ትነፋበታለህ። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ቀይ ቀለም በነጩ ላይ ወጥቶ ይታያል። ሁለቱንም አየሁ። ምንም የለም፤ አንዲት ነጥብ እንኳ የለም።

«ይኸው! ና እይ እንግዲህ!» ብዬ ጮህኩ መሰለኝ። ኢርማ በሩን ከፍታ «ከማን ጋር ነው የምትጣላው?» አለችኝ። ጋራዡ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።

ፌብሩዋሪ 23፣ እሑድ

የአሮጌ ዕቃ ገበያ። ደስ የሚል ቀን። ለሊስተር ስለ ቸርኬዎቹ አወራሁለት። ሊስተር የእኛ የአሮጌ መኪና ማኅበር ሽማግሌ ነው፤ ከዘራውን ይዞ ካርቡሬተር ይሸጣል። ቹይ እንዴት እንዳጸዳልኝ፣ ከዚያ ቀለሙ ምንም እንዳላወጣ ነገርኩት። «ጎሽ፣ ጎሽ» አለኝ። ፊቴን ሳዞር ግን ለጎረቤቱ «መጀመሪያ አስነፋቸው፤ ከዚያ መረመራቸው!» ሲለው ሰማሁ። ሁለቱም ተንከተከቱ።

ምኑ ነው የሚያስቀው? ቅናት ነው። እሱ የገጠማቸው የአልሙኒየም ቅጂ እንደሆኑ አገር ያውቃል።

ማርች 1፣ ቅዳሜ

ገጠምኳቸው። ከፊት የብረቱ፣ ከኋላ የአባዬ ማግኒዚየሞች። ወንዙን ይዤ ወጣሁ። እንዴት ብዬ ልጻፈው? መኪናዋ ጫማዋን ያወለቀች ያህል ቀለላት። ሳስነሳት እመር ብላ ትነሳለች፤ ጉብታ ስትረግጥ ኋላዋ አይንገጫገጭም። እንባዬ መጣ፤ ነፋሱ ነው አልኩ፤ ነፋሱ ብቻ አልነበረም። አባዬ ናፈቀኝ።

እማዬ ደወለች። የሜይ ጉዞ ላይ እመጣለሁ አለች። በየዓመቱ ከአባዬ ጎን ተቀምጣ ነው ሸለቆውን የምትወጣው።

«ሰማንያ አንድ ዓመትሽ ነው እኮ እማዬ።»

«ታዲያ የምገፋት እኔ ነኝ እንዴ? ተቀምጬ ነው የምሄደው።»

እሺ አልኳት። እሷን ከጎኔ አስቀምጬ፣ በአባዬ ቸርኬ፣ ያንን የገደል መንገድ! ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ማርች 6፣ ሐሙስ

ጠዋት የኋላው ግራ ጎማ ዝቅ ብሎ አገኘሁት። ብርዱ ነው። አየር በብርድ ይኮማተራል። ነፋሁት።

ማርች 9፣ እሑድ

ያው ግራው። ነፋሁት።

ማርች 14፣ ዓርብ

ኢርማ ከመስኮት «ጎማህ ዛሬም ተንፍሷል» አለችኝ።

«የመንፊያው አፍ ነው። አርጅቷል።»

«ባለፈው ብርዱ ነው አላልክም?»

«ብርዱም ነው፣ አፉም ነው። አንቺ ደግሞ መርማሪ ሆንሽብኝ!»

ያለ ነገር ተቆጣኋት። ከሰዓት ጎሚስታው ጋ ሄጄ አፉን አስቀየርኩ። እራት ላይ ይቅርታ ጠየቅኳት፤ «ለእኔ ሳይሆን ለጎማው ጠይቅ» አለችኝ።

ማርች 20፣ ሐሙስ

ብርዱ ሄዷል። የለውዝ ዛፉ አበባ ረግፏል። ግራው ዛሬም ዝቅ ብሏል።

ዛሬ አንድ ሬስቶራንት ውስጥ የበረዶ ማሽኑ ጋዝ የሚያፈስበትን ቦታ ወዲያው አገኘሁላቸው። ባለቤቱ «ታሸተዋለህ እንዴ?» አለኝ። ምን ማሽተት አለው! ሳሙና በውሃ በጥብጠህ ትቀባለህ፤ አረፋ የሚሠራበት ቦታ እሱ ነው። የምበላው እንጀራ ይኸው ነው። የሚያፈስ ነገር ማግኘት።

ማታ ባልዲ ውሃና ሳሙና ይዤ ወደ ጋራዡ ሄድኩ። ቸርኬው አጠገብ ቆሜ ቆየሁ። ከዚያ በዚያው ውሃ የመኪናዋን መስታወት አጠብኩበት። ቆሽሾ ነበር።

ማርች 22፣ ቅዳሜ

መፍትሔ ተገኘ! ማግኒዚየም እኮ ተፈጥሮው ነው፤ ሲቀልጥና ሲፈስ ውስጡ ጥቃቅን ቀዳዳ ይቀራል፤ ይተነፍሳል። ይህን የማያውቅ የለም። ጎሚስታው የውስጥ ጎማ ከተተበት። ከአሁን በኋላ ቸርኬው ቢተነፍስም ባይተነፍስም አየሩ የትም አይሄድም። ለምን ቀድሜ አላሰብኩትም? ሰው ራሱን ሲያስጨንቅ ይውላል።

ማርች 29፣ ቅዳሜ

ጎማው አንድም ቀን አልወረደም። ድንቅ ነው። እንቅልፍ ግን እምቢ ብሎኛል፤ እራት ላይ የበላሁት የኢርማ ታማሌ ከብዶኝ ይሆናል።

ኤፕሪል 5፣ ቅዳሜ

እየነዳሁ ወደ ቀኝ ስታጠፍ ከኋላ ግራ «ጠቅ» የሚል ነገር ሰማሁ። ሁለት ጊዜ። ከጎማው ሥር የገባ ጠጠር መሰለኝ። ወርጄ አየሁ፤ ጠጠር አላየሁም። ወድቆ ይሆናል።

እማዬ ደግማ ደወለች። ለጉዞው ሻርፕ ገዝታለች፤ አረንጓዴ ነው አለች።

ኤፕሪል 13፣ እሑድ

ደሜ ፈልቷል።

ቹይ ዘንድ ሄድኩ። ሰላም ሲለኝ ዓይኔን አያየኝም። «ምን ሆነሃል?» ብለው እጁን በጨርቅ ሲጠርግ፣ ሲጠርግ ቆየና «ዴልማር፣ እኔ አላወቅኩም ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«አሸዋውን። የአውሮፕላን ሰዎች ዕቃ ሳይመረመር አይነፋም ይላሉ። አሸዋው ብረቱን ስለሚቀጠቅጠው የስንጥቁን አፍ ይዘጋዋል አሉ። ከዚያ በኋላ ቀለሙ የሚገባበት የለውም። ስንጥቁ እያለ ንጹሕ ነው ይልሃል።»

«ማነው እንደዚህ ያለህ?»

«ሃርላን። መጥቶ ነበር። ጠየቀኝ፤ እኔም እውነቱን ነገርኩት።»

ከኋላዬ! ጀርባዬን ጠብቆ እኔ የምሄድበት ጋራዥ ድረስ መጥቶ ስለ እኔ ቸርኬ ሲያጣራ! ለእኔ መደወል ምን ገደለው? እኔ ስልክ የለኝም?

አሁን ሊስተር ምን እንዳሳቀው ገባኝ። ይሳቅ። አፉን ሊዘጋው ይችላል ማለት ዘግቶታል ማለት አይደለም። መጀመሪያውኑ ስንጥቅ ከሌለ የሚዘጋም የለም።

ኤፕሪል 20፣ እሑድ

እንዲህ ዓይነት ነገር እጽፋለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ምሳ እማዬ ቤት ነበርን። ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ሠርታ፣ በኋላም የፖም ኬክ አቀረበች። እየቆረሰች ሳለ ቀና ሳትል «ሃርላን ቸርኬዎቹን አይቷቸዋል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኩ።

ከየት እንደመጣ አላውቅም። ከአፌ ወጣ፤ በቃ። ኢርማ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ጥሩ» አለች እማዬ። «እሱ ካየው እቀመጣለሁ። አባትህ እንኳ ያለ ሃርላን ዓይን ብሎን አያጠብቅም ነበር መጨረሻ ላይ።» ትልቁን ቁራሽ ለእኔ ሰጠችኝ። እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

በመንገድ ላይ ኢርማ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፤ «እናትህን?» አለች።

አሁን ቁጭ ብያለሁ። መቼም ይህን ደብተር ሌላ ሰው አያየውም። እኔ ውሸታም አይደለሁም። ግን ምን ልበላት ነበር? ወንድሜ እንዳያይብኝ ነው የምነዳው ልበላት? ሃርላን ቢያየውና ደህና ነው ቢል እሱ ፈቀደልኝ ማለት ነው። ቢያየውና ተሰንጥቋል ቢል ደግሞ… ይህን ዓረፍተ ነገር መጨረስ አልፈልግም። ያ መንገድ ግራው ገደል፣ ቀኙ አለት ነው፤ ከታች ወንዙ በቀለጠ በረዶ ሞልቶ ያጓራል። እማዬ ከጎኔ ነው የምትቀመጠው። በር ያላት መኪና ናት፤ ግን ጣሪያ የላትም። ለአባዬ ቸርኬ ስል እናቴን? ኢርማ ይህን ነበር ያለችኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ ሁሉንም ግን አለችበት።

ነገ ለእማዬ እደውልላታለሁ።

ኤፕሪል 21፣ ሰኞ

ደወልኩ። እማዬ ስልኳ ተይዟል። እንደገና ደወልኩ፤ ተይዟል። ከማን ጋር ነው ይህን ያህል የምታወራው? ሥራ በዛብኝ፤ ተውኩት።

ኤፕሪል 23፣ ረቡዕ

ሃርላን መጣ።

ከሥራ ገብቼ እጄን እየታጠብኩ ነበር። የፒክአፑን ድምፅ ሰማሁ። በሩን አላንኳኳም፤ በጎን ዞሮ በቀጥታ ጋራዡ ገባ። ሻንጣውን ይዟል። ፀጉሩ ነጭ በነጭ ሆኗል፤ በግማሽ ዓመት ሰው እንዲህ ያረጃል? ወይስ ድሮም አላየሁትም?

«እማዬ ደውላልኝ ነበር» አለኝ።

ክው አልኩ።

«ቸርኬዎቹን ስላየህልን እግዚአብሔር ይስጥህ አለችኝ።»

«ሃርላን፣ እኔ እኮ…»

«ምንም አይደለም እማዬ አልኳት።»

«አላጋለጥከኝም?»

«አላጋለጥኩህም። ስለዚህ አሁን እኔም ዋሽቻታለሁ ማለት ነው።» ኮቱን አውልቆ ምስማር ላይ ሰቀለ። «በዚህ ዕድሜዬ እናቴን መዋሸት አልጀምርም። አይቻለሁ ካልኩ ላያቸው ነው። ክሪኩን አምጣ።»

አመጣሁ። ምን ልል እችላለሁ?

ጎማውን ስናወጣ የውስጥ ጎማውን አየ። ይዞ ቆመ። «ይህ ለምን ገባ?» አለኝ።

«ይተነፍስ ነበር።»

«በሁለቱም?»

«በግራው።»

እሱ ጎማውን ወደ ጎን አስቀመጠ። እኔ ግን ራሴን ስሰማው አፈርኩ። እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። የሚያፈሰውን ሳይፈልግ ዝም ብሎ ጋዝ የሚሞላ ጠጋኝ ባገኝ በአደባባይ ነው የማዋርደው።

መጀመሪያ ቀጭን አሲድ ቀባቸው፤ አሸዋው የቀጠቀጠውን ቆዳ ስስ አድርጎ እንዲበላው። ከዚያ በደንብ አጠባቸው፤ አደረቃቸው። ከዚያ ቀዩ ቀለም። እየጠበቅን ቢራ ሰጠሁት። ጠርሙሱን እያየ «የቹይ ጋራዥ ድረስ እንደሄድኩ ሰምተሃል» አለ።

«ሰምቻለሁ።»

«ልደውልልህ አስቤ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ትጮህብኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

እጮህበት ነበር። እሱን ነገርኩት፤ ትንሽ ሳቅን። ያኔ ነው እኔ ምን ያህል ተናድጄ ሳይሆን ምን ያህል ሆድ ብሶኝ እንደቆየሁ የገባኝ።

«ረቡዕ ማታ ቤት እንደምሆን እንዴት አወቅክ?» አልኩት።

«እማዬ ናት። ረቡዕ ኢርማ ለመዝሙር ልምምድ ትሄዳለች፤ ዴልማር ብቻውን ጋራዥ ነው የሚሆነው አለችኝ።»

ይህን ሁሉ ዝርዝር ለምን እንደነገረችው አልገባኝም። አሮጊት ወሬ ታበዛለች።

ቀዩን ጠርገን ነጩን ነፋ። የቀኙ ንጹሕ ሆኖ ቀረ። የግራው ላይ መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ከመሃሉ ቀዳዳ ተነስቶ አንድ ቀይ ክር ብቅ አለ። እያየነው ረዘመ፤ እንደ ጣቴ ሆነ፤ ከጣቴም አለፈ፤ ወደ ጠርዙ ሄደ። ሌላ አጭር ክር ከብሎኑ ቀዳዳ መጥቶ ሊገናኘው ምንም አልቀረው።

ባልዲው ላይ ቁጭ አልኩ። እማዬ በዓይኔ መጣችብኝ፤ ያ ሻርፕ። «ሃርላን፣ ልገድላት ነበር እኮ» አልኩ።

ነግሬህ ነበር ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሙሉ ሌሊት ቢለኝ ይገባኝ ነበር። እሱ ግን አጠገቤ ጎንበስ ብሎ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገና «አልገደልካትም» አለኝ። «የእኔዎቹን የፊቶቹን ዲሴምበር ላይ አይቻቸዋለሁ። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

«ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ አላልክም?»

«ያን ጊዜ አላየኋቸውም ነበራ።»

«ደህና ከሆኑ ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅከኝማ።»

ሁለት የእብድ ልጆች!

ኤፕሪል 26፣ ቅዳሜ

ዛሬ የግራውን ቸርኬ ቆረጥነው።

እኔ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነበር ያሰብኩት። ሃርላን እምቢ አለ። እሱ የሚሠራበት አውሮፕላን ማረፊያ የተሰነጠቀ ዕቃ እንዲሁ አይጣልም፤ ማንም መልሶ እንዳይጠቀምበት ይቆረጣል።

«የአባዬ ነው እኮ» አልኩት።

«አውቃለሁ የአባዬ እንደሆነ። አንተም አንድ ቀን ትሞታለህ። ከዚያ ዘመድ ጋራዡን ሲያጸዳ ይሸጠዋል። የገዛው ሰው ደግሞ ምን ያደርጋል?»

«ምን ያደርጋል?»

«በአሸዋ ያስነፋዋል!»

በሳቅ ፈረስኩ። ከዚያ አለቀስኩ። ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ነው መሰለኝ ያደረግኩት።

የማግኒዚየም ብናኝ እሳት ካገኘ ውሃ ብትደፋበትም ስለማይጠፋ የውሃ ማሞቂያውን እሳት አጥፍተን፣ በሩን ከፍተን፣ በእጅ መጋዝ ጀመርን። ለስላሳ ነው፤ መጋዙ በቀላሉ ይገባበታል። እሱ ሲደክመው እኔ፣ እኔ ሲደክመኝ እሱ። መሃል ላይ ስንደርስ ስንጥቁ ያለበት ጎን ሳንጨርሰው በገዛ ራሱ ቀጭ አለ። መጋዙን ይዤ ቆምኩ። ሃርላንም ቆመ። ኢርማ ቀዝቃዛ የሎሚ ጭማቂ ይዛልን ስትመጣ ሁለታችንን አይታ ትሪውን አስቀምጣ ተመለሰች።

ብናኙን ለብቻ በደረቅ ጣሳ ጠርገን ከደንነው።

ከዚያ ኢርማ ቤት ውስጥ «ደውልላት» አለችኝ። ደወልኩ። «እማዬ፣ ያን ዕለት ዋሽቼሽ ነበር» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት። ሰምታ ሰምታ «ሃርላን ምሳ በላ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እንግዲያው ደህና ነው» ብላ ዘጋች።

ሜይ 4፣ እሑድ

ሃርላን የፊቶቹን ይዞ መጣ። እሱ የሚያጠብቀውን እኔ አየሁ፣ እኔ የማጠብቀውን እሱ አየ። አሁን ከፊት የአባዬ ማግኒዚየም፣ ከኋላ ተራ ብረት ሆነች። ደንበኛው አገጣጠም እንዲህ አልነበረም። አስቀያሚ ናት። ሃርላን ራቅ ብሎ አያትና «የአባዬን ኮት ከእኔ ሱሪ ጋር የለበሰች ትመስላለች» አለ። የተረፈውን የቀኝ ቸርኬ ጠቅልለን አስቀመጥነው፤ ጓደኛ እስኪገኝለት ይቆያል።

ሞከርናት። እኔ ነዳሁ፤ እሱ መንገዱን በሙሉ አንገቱን አውጥቶ የፊቱን ቸርኬ እያየ ሄደ። ምንም ድምፅ የለም።

ዛሬ እንደ ሕፃን እተኛለሁ።

ሜይ 10፣ ቅዳሜ

ተጉዘን መጣን።

ጠዋት መነሻው ላይ ማኅበሩ በሙሉ ተሰብስቦ ነበር። ሊስተር በከዘራው እየዞረ አያትና «ዴልማር፣ ከፊት ሠርግ ከኋላ ልቅሶ ምንድን ነው ይሄ?» ብሎ ሰውን አሳቀው። «እነዚያ የተነፉት ቆንጆዎች የት ሄዱ?»

ድሮ ቢሆን አንድ ነገር ፈጥሬ እመልስለት ነበር። «አንዱ ተሰንጥቆ ነበር» አልኩት። «ሳላስመረምር አስነፋሁት፤ ወንድሜ አገኘው፤ ቆረጥነው።» ሳቁ ቀጥ አለ። ሊስተር ወደ ራሱ መኪና ዞር ብሎ አየ፤ ከዚያ ወደ ሃርላን ጠጋ ብሎ «ልጄ፣ የእኔ ወንድም የውድድር ቸርኬዎች አሉት፤ ልታይለት ትችላለህ?» አለው። በየመኪናው የቆሙት ሰዎች አንድ በአንድ መጡበት። ሃርላን ቀላ፤ እንደዚያ ሲቀላ ያየሁት ሲያገባ ብቻ ነው።

እማዬ አረንጓዴ ሻርፗን አስራ ከጎኔ ተቀመጠች። ሃርላን የኋላው ክዳን ሲከፈት በሚወጣው መቀመጫ ላይ ጉልበቱን አጥፎ ገባ። ሸለቆውን ወጣን። ወንዙ ከታች እያጓራ፣ አለቱ ከጎናችን እየተጠማዘዘ። በየመታጠፊያው ጆሮዬን ወደ ኋላ ጥዬ ነበር፤ ምንም አልነበረም፤ ሞተሩ ብቻ። እማዬ አባዬ ሁልጊዜ ማርሽ የሚቀይርበት ቦታ ስንደርስ «አሁን!» አለችኝ። ቀየርኩ። ትክክል ነበረች።

ላይ ወጥተን ሳንድዊች በላን። ልንመለስ ስንል ሃርላን መሪው አጠገብ መጥቶ ቆመ።

«ተነስ» አለኝ።

«ምን?»

«ልንዳ እስኪ። አባዬ አንድም ቀን አስነድቶኝ አያውቅም።»

እማዬ «ስጠው እንጂ፣ ምን ታየዋለህ?» አለች።

እኔ የኋላው መቀመጫ ላይ ወጣሁ። ነፋሱ በሙሉ እኔ ላይ ነው። ከፊቴ የሁለቱ ጭንቅላት ብቻ ይታየኛል፤ ነጭ ፀጉርና አረንጓዴ ሻርፕ። ሃርላን ዝግ ብሎ ይነዳል፤ እንደ ቄስ ነው የሚነዳው፤ ብስክሌት ሳይቀር አለፈን። ሁለቱ ያወራሉ። አንድም ቃል አይሰማኝም። ስለ እኔ መሆኑን ግን አውቄያለሁ፤ በየመሃሉ እማዬ ዞር ብላ ታየኝና እሱን ክንዱን መታ ታደርገዋለች፤ ከዚያ ሁለቱም ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃሉ። «ምንድን ነው?» ብዬ ጮህኩ። አልሰሙኝም። እኔም ዝም ብዬ አብሬያቸው ሳቅኩ፤ አፌን ከፍቼ ስስቅ አንድ ትልቅ ጥንዚዛ ገባብኝ፤ እሱንም እያሳለኝ፣ እየተፋሁ፣ እየሳቅኩ ቤት ደረስን።